ይቋረጣል

አሥራ አንድ ደብዳቤ፣ በዳቦ ፌስታል፣
መክብብ አንጠልጥሎ ሳርጀንት ጎዳና፣ ቢሮዬ ገብቷል።
ዊኒፔግ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤ ጢሙ በረዶ አዝሎ፣
ጓንቱን ሳያወልቅ ደረደራቸው፣ በመስኮታቸው ልክ ከፍሎ፤
ሰፊ መስኮት ያላቸው በዚህ፣ ጠባብ ያላቸው በዚያ።
አንዱም አልተከፈተ። መክፈት የእናቱ ሥራ ነበር፣ እስከ አምና ሚያዝያ።

እማማ የሺመቤት አሁን ሌላ ቤት ናቸው፣
አልጋው ከፍና ዝቅ የሚልበት፣
ልጃቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ የሚጠይቅበት።
ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የሾፌሮቹን ሁሉ ስም ያውቃል፤
ማን ሐሙስ እንደማይሠራ፣ የማን ፍሬን እንደሚያቃስት ያውቃል።
ፊደል ግን ይደባለቅበታል፤
ረጅም ዐረፍተ ነገርም ግማሹ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል።

ከፈትኩ። አነበብኩ። እንደ ልማዴ ተረጎምኩለት፣ ቃል በቃል፦
«በሠላሳ ቀን ውስጥ ማስረጃ ካልቀረበ፣ ድጎማዎ ይቋረጣል።»

«አውቃለሁ» አለ፣ ፊቱ ፈክቶ፤
«የሚቋረጠው አረንጓዴ ሲበራ ነው፣ ግራና ቀኝ አይቶ።»

ሳቅሁ።
ወዲያው አፈርኩ። ቃሉን ያቀበልኩት እኔው ነኝ፤
ሰባት ዓመት በዚህ ወንበር ስቀመጥ፣ ማን ጠየቀኝ
የምናገረው አማርኛ ለማን እንደሆነ?

«ይቆማል ማለቴ ነው። ገንዘቡ ይቆማል።»
«የት? ፌርማታው ላይ?»
አልቀለደም። መክብብ ሊቀልድ ሲል አስቀድሞ ያስታውቃል።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።
«በሚመጣው ወር ባንክ ትሄዳለህ።
ገንዘብ የለም።
የቤት ኪራይ አይከፈልም።»
ዝም አለ። ጓንቱን አወለቀ።
«ማነው የተቆጣኝ?» ብሎ ጠየቀ።

ለዚህ ጥያቄ ቅጹ ላይ ቦታ የለም።

አሥራ ስድስት ገጽ ነው ቅጹ፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፣ ልብስ እየለዋወጠ፦
የማትችለው ምንድን ነው?
ራስዎን ችለው ይለብሳሉ? «እችላለሁ።»
ምግብ ያበስላሉ? «እችላለሁ። ዕንቁላል።»
ገንዘብ ይቆጥራሉ? «እችላለሁ።»
ሠላሳ ስምንት ዓመት እናቱ ያስጠኑት አንድ ቃል፣
እዚህ ወረቀት ላይ ከጻፍኩት፣ ያው፣ ይቋረጣል።

ምን ላድርግ? አልችልም በል ልበለው?
እናትና ልጅ ተገፋፍተው የወጡትን ዳገት፣ በአንድ ፊርማ ላውርደው?

ጥያቄውን ገለበጥኩት። «ዕንቁላል ስትጠብስ ማን አለ አብሮህ?»
«ቫለሪ። ከታች ያለችው። ምድጃውን እሷ ናት የምትለኩሰው።
አንድ ቀን ብቻዬን ለኮስኩ፤ ጣሪያው ጮኸ።»
«ጫማህንስ?» «ማሰሪያ የለውም። ይጣበቃል።»
«ገንዘብ?» «ቦርሳዬን ለሻጩ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይቆጥራል።»

እንዲያ ብለን ጻፍነው፦ ይችላል፤ ከማን ጋር፣ መቼ፣ እስከ ምን።
ጠባቧ ሳጥን አልበቃችንም፤ በኅዳጉ ዞርን።

ከዚያ ስልክ። አርባ ደቂቃ ያው ፒያኖ፣ ያው ዜማ፤
መክብብ አብሮ ማንጎራጎር ጀመረ፣ መልሶ መላልሶ ሲሰማ።
ሴትየዋ መጣች። ስለ እሱ እኔን ጠየቀች፦ «መፈረም ይችላል?»
ስልኩን ወደ እሱ ገፋሁት።
«እኔ ነኝ፣ መክብብ» አለ በእንግሊዝኛው። «ቀስ በይ። አጭር አጭር።»
ከወዲያ በኩል ዝምታ ሆነ።
ከዚያ ቀስ አለች፤
ሰባት ዓመት የተምታታብኝን ነገር፣ ለእሱ ስታስረዳ፣ ለእኔም ገባኝ።

ፖስታ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ፖስታውን በደረቱ አቅፎ ወጣ፤
የጃኬቴ ዚፕ ይዞኝ ወደኋላ ቀረሁ።
«አሁን ይቋረጣል» አለ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ተሻገረ፤
እኔ ጠርዙ ላይ ስደርስ መብራቱ ተቀየረ።
አውቶቡስ በመሀላችን ሲያልፍ፣ ከማዶ መዳፉን ዘርግቶ ጮኸ፦
«ቁሚ! አንቺ፣ ቁሚ! ገና ነው!»

ቆምኩ።